አሥራ ሁለቱን ጠመንጃዎች ያለሰለሱት አባታችን

አባታችን በመጋቢት ወር 1939 ዓ.ም. ከአንጥረኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። እናታቸው ሰባት ወልደው የቀሩላቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ ዝናብ እንዳይነካቸው፣ ውሻ እንዳያስደነግጣቸው እየተባለ አደጉ። ስለዚህ ፈሪ ነበሩ ብንል አይቀየሙንም፤ ራሳቸውም «ፈሪ ለናቱ» እያሉ ይስቁ ነበር።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1955 ዓ.ም. በጦር መሣሪያ ጥገና ክፍል በሠልጣኝነት ተቀጠሩ። ጥይት ሲተኮስ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ጠመንጃ ጠጋኝ መሆናቸው የሥራ ባልደረቦቻቸውን ሲያስቅ ኖሯል። እጃቸው ግን ወደር አልነበረውም። ሻካራ ብረት አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም፤ የቤታችንን የበር ማጠፊያ፣ የጎረቤትን የስፌት መኪና ሳይቀር ሲያለሰልሱ ስለሚውሉ «ሞረድ» የሚል ስም ወጣላቸው። በ1963 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ተጋብተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። የመጨረሻው፣ ወንዱ፣ በ1987 ዓ.ም. እግረኛ ጦር ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር አባታችን ክው ይሉ ነበር፤ አንሥተው «ሃሎ» የሚሉትም እናታችን ነበሩ።

በ1989 ዓ.ም. ወታደሩ አዲስ ጠመንጃና አዲስ ጥይት ያስፈልገዋል፣ አያስፈልገውም የሚል ክርክር ተነሣ፤ አባታችንም ጉዳዩን እንዲያጣራ በተቋቋመው ኮሚቴ በባለሙያነት አባል ሆኑ። ገሚሱ የድሮው ጥይት የዘመኑን ጥይት መከላከያ አይበሳም አለ። ገሚሱ ደግሞ አዲሱ ጥይት ስለሚከብድ ወታደሩ የሚይዘው ይቀንስበታል፣ መጋዘን ሙሉ የድሮ ጥይት እያለ ምን አመጣው ሲል ተከራከረ። አባታችን ሁለቱንም ሲሰሙ የሚታያቸው ልጃቸው ብቻ ነበር። አንዱ ሲናገር ልጁ የተኮሰው ሳይበሳለት፣ ሌላው ሲናገር ልጁ ጥይት ጨርሶ ይታያቸዋል። ወዲህም ወዲያም ገደል ሆነባቸው። አዲሱ ከጸደቀ መጀመሪያ የሚታጠቀው የልጃቸው ሻለቃ ጦር ነበርና።

ክርክሩን የቆረጠው ሙከራው ነው። አሥራ ሁለት ናሙና ጠመንጃዎች አቧራና ጭቃ ውስጥ ተንከባለው እያንዳንዳቸው ሁለት ሺህ ጥይት ሲተኮስባቸው፣ አንዱም ጥይት ነክሶ አልተቀረቀረም። ሰብሳቢው ኮሎኔል ግዢውን የሚያጸድቀውን ሰነድ ለፊርማ ሲያዞሩ አባታችን ብዕር እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ናሙናዎቹ ወደ ሜዳ ከመውጣታቸው በፊት በእሳቸው ጠረጴዛ አልፈው ነበር። የታዘዙት ማየት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ጥይት የሚጎርሱበት ቦታ ሻካራ ሆኖ ስላገኙት፣ እንደ ልማዳቸው አንድ በአንድ አለስልሰው አስረከቡ። እጃቸው የለመደውን ነው ያደረገው፤ የሚነገር ነገር ነው ብለውም አላሰቡም። ከፋብሪካ በሳጥን የሚመጡትን ሺህ በሺህ ግን ማን ያለሰልሳቸዋል?

ከምሳ በኋላ እፈርማለሁ ብለው ቤት መጡ። እህል አልቀመሱም። ይታሰሩ ይሆን፣ ከሥራ ይባረሩ ይሆን እያሉ ግቢው ውስጥ ሲንቆራጠጡ፣ እናታችን ሁሉንም ሰምተው ከእስርና በልጁ ላይ ከሚደርሰው የቱን የበለጠ እንደሚፈሩ ብቻ ጠየቋቸው። አባታችን ኮታቸውን አንሥተው ተመለሱ። ኮሚቴው ፊት ቆመው፣ «ጌታዬ፣ ፈተናውን ያለፈው ጠመንጃው አይደለም። እኔ ሞርጃቸዋለሁ» አሉ።

ከታሸገ ሳጥን ሌሎች ወጥተው በተሞከሩበት የመጀመሪያ ቀን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ነከሱ። ግዢው ፋብሪካው እስኪያስተካክል ሁለት ዓመት ዘገየ። አባታችን ሙከራውን ሆን ብለው አዛብተዋል ተብለው ሦስት ሳምንት ተመረመሩ፤ ከኮሚቴውም ከማዕረጋቸውም ወረዱ። በዚያው መካከል ውጊያ ተነሣና የልጃቸው ሻለቃ የድሮውን ጠመንጃ ይዞ ዘመተ። ልጃቸው ተመለሰ። እሱ ከነበረበት መቶ ጦር ግን አሥራ አንድ ወጣቶች አልተመለሱም፤ የድሮው ጥይት አልበሳ ብሎ ነው የሚል ወሬም ተከተለ። አባታችን ይህን ከሰሙ በኋላ የፊተኛው ፍርሃታቸው ለቋቸው ሌላ፣ የባሰ ፍርሃት ገባባቸው። በ1999 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው፣ የልጅ ልጆች አቅፈው፣ ከውጊያው ወዲህ ልጃቸውን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁት ሃያ ምናምን ዓመት ኖሩ። መልሱን ይፈሩት ነበር።

በ2013 ዓ.ም. በልብ ሕመም ተኙ። በዓመቱ ኅዳር ላይ ሐኪሙ ተስፋ እንደሌለው ሲነግረን እሳቸውም ገባቸው መሰል፣ ልጃቸውን ከአልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ «አዲሱ ቢኖራችሁ ኖሮ ጓደኞችህ ይተርፉ ነበር?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ ውሸት አልሆነለትም።

«አላውቅም፣ አባዬ» አለ። «የእኔ የድሮው ጠመንጃ ግን አንድም ቀን አልነከሰብኝም።»

አባታችን እጁን ይዘው አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 9 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

የአሥራ አንዱን ወጣቶች ስም ከነአባታቸው በቃላቸው ያውቁት ነበር። በቀብራቸው ቀን ከእሳቸው በፊት እነዚያ እንዲታሰቡ አደራ ብለውናልና፣ ፈጣሪ አስቀድሞ ያልተመለሱትን ልጆች ነፍስ ያሳርፍ፤ እናቶቻቸውን ያጽናና። ቀጥሎም አባታችንን መፍራት ከሌለበት ያኑርልን። አሜን።