ተከፋፍሎ የቀረው የልዑልሰገድ መጽሐፍ

ለጥላ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ሊቀመንበር አቶ በፈቃዱ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2002 ዓ.ም.

አመልካች፦ ወ/ሮ ስመኝ ዓብዩ

ጉዳዩ፦ በማኅበሩ የመታሰቢያ ኮሚቴ በኩል ለሦስት ሰዎች ተከፋፍሎ የቀረው የባለቤቴ የእጅ ጽሑፍ በአንድነት እንዲሰበሰብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች የማኅበሩ አባል ስሆን፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በረዳትነት የምሠራ ነኝ። ባለቤቴ አቶ ልዑልሰገድ ሀብተማርያም ጥር 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በሞት ተለየኝ። ቀብሩን ማኅበሩ እንደ ቤተሰብ ሆኖ ስላስፈጸመልኝ ዛሬም አመሰግናለሁ። ይህን የማስቀድመው ከዚህ በታች ያለው ቅሬታዬ ውለታ ቢስ እንዳያሰኘኝ ነው።

2. ባለቤቴ አገር ቤት ሳለ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር፣ እዚህ ደግሞ በጎረቤት ከተማ በአሌክሳንድሪያ የታክሲ ሾፌር እንደነበረ ያውቃሉ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በማኅበሩ የምድር ቤት አዳራሽ ስምንት ዓመት አስተምሯል። ትምህርቱ የፖለቲካ ሳይንስ ከታሪክ፣ ከኢኮኖሚክስ፣ ከሶሲዮሎጂና ከሥነ ልቦና ጋር ስላለው ዝምድና ነበር። ምሳሌው ሁልጊዜ የታክሲ ፈቃድ ነው። ለከተማው ስንት ታክሲ ይበቃል ብሎ የሚወስን አካል አለ፤ ይህ ፖለቲካ ነው። ፈቃዱ ሲያንስ ገበያው ምን እንደሚሆን ኢኮኖሚክስ ይነግረናል፤ ደንቡ መቼና በማን ግፊት እንደወጣ ታሪክ፤ ያንድ አገር ልጆች ለምን አንድ ማዕዘን ላይ እንደሚቆሙ ሶሲዮሎጂ፤ እያንዳንዱ ሾፌር ወረፋው የሚዛባው በእኔ ላይ ብቻ ነው ብሎ ለምን እንደሚያምን ሥነ ልቦና። «ከአምስቱ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሾፌር ፈቃድ ለምን እንዳላገኘ ዕድሜ ልኩን አይገባውም» ሲል ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። እሱም በሌላ ሰው ፈቃድ ሲነዳ ኖሮ የራሱን ሳያገኝ ሞተ።

3. ከምርጫ 97 በኋላ በአዳራሹ የተነሳውን ጠብ ላስታውስዎ አልፈልግም፤ እርስዎም ነበሩ። ወንበሩ ግራና ቀኝ ተከፈለ። ልዑልሰገድ መሃል ቆሞ ማስተማሩን ቀጠለ። ከግራ የተቀመጡት የመንግሥት ሰው ነህ ይሉታል፣ ከቀኝ የተቀመጡት የተቃዋሚ ነህ ይሉታል፤ ከሁለቱም ስድብ ጠግቦ ቤቱ ይገባል። እኔ ይቅርብህ እለው ነበር። ተማሪው ከአርባ ወደ ዘጠኝ ሲወርድ «ዘጠኝ ሰው ደህና ክፍል ነው» አለኝ።

4. መጽሐፉን የጻፈው በዚያ ዘመን ነው። ደንበኛ ሲጠብቅ መሪው ላይ እያስደገፈ፣ በእጁ፣ በእርሳስ። በቀለበት በሚዘጋ ሰማያዊ ባይንደር ውስጥ መቶ ስልሳ ያህል ገጽ ነበር። ፖለቲካው በሁሉም ውስጥ ስላለ የራሱ ክፍል የለውም፤ ክፍሎቹም ብቻቸውን አይነበቡም። የታሪኩ ክፍል መሃል ላይ «የዋጋውን ነገር ከኢኮኖሚክሱ ተመልከት» ይላል፤ የኢኮኖሚክሱም አንባቢውን መልሶ ወደ ታሪኩ ይልከዋል።

5. ጥፋቱ የተፈጠረው በሠልስቱ ዕለት በቤቴ ነው። የመታሰቢያ ኮሚቴው ተሰብስቦ እንደ ደንባችን ሥራ ተከፋፈለ። እንጀራ እነማን ያመጣሉ፣ ውኃ ማን ይይዛል፣ ሽማግሌዎችን ከሮክቪል ማን በመኪና ያመላልሳል ተባለ። በዚያው አፍ ደግሞ የልዑልሰገድ መጽሐፍ ለሙት ዓመቱ ታትሞ ይውጣለት ተባለና እሱንም እንደ ድግሱ ተከፋፈሉት። ለየሙያው ይሰጥ ተባለ። የባይንደሩ ቀለበት ተከፍቶ ታሪኩ አገር ቤት የታሪክ መምህር ለነበሩት ለአቶ ተሻገር፣ ኢኮኖሚክሱ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሒሳብ ባለሙያ ለሆኑት ለአቶ ምናሴ፣ ሶሲዮሎጂው ላንግሊ ፓርክ በማኅበራዊ አገልግሎት ለሚሠሩት ለወ/ሮ ነጃት ተሰጠ። ሁሉም በቅንነት ነው የተቀበሉት። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጬ እሺ አልኩ። ያኔ መጀመሪያ ኮፒ ይደረግ ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። ኮፒ ቤቱ ደግሞ ከቤቴ ሥር ነው።

6. አቶ ተሻገርና አቶ ምናሴ ከ97 ጀምሮ ሰላምታ እንደማይለዋወጡ ኮሚቴው አጥቶት አይመስለኝም። ለቅሶዬንም የደረሱኝ አንዱ ሳሎን፣ ሌላው ጓዳ ተቀምጠው ነው። እንግዲህ እርስ በርሱ እየተጠቃቀሰ የተጻፈ መጽሐፍ እርስ በርስ ለማይነጋገሩ ሰዎች ታደለ።

7. በሰኔ ወር አቶ ተሻገርን በሚሠሩበት ፓርኪንግ ሄጄ አነጋገርኳቸው። ከታሪኩ ክፍል የዋጋና የቁጥር ነገር ያለበትን ሁሉ በቀይ ሰርዘውታል። «እሜቴ፣ ታሪክ ንጹሕ ይሁን ብዬ ነው» አሉኝ። አቶ ምናሴ በበኩላቸው ስለ ከተማው ውሳኔ የሚያወሩትን አሥራ አራት ገጾች ነቅለው ለብቻ በፖስታ አስቀምጠዋል። «ይሄ ኢኮኖሚክስ አይደለም፣ ፖለቲካ ነው፤ ደግሞ ያ ሰውዬ የያዘውን ሰብሚት ካላደረገ፣ ካላስረከበ እኔ ቀድሜ አላደርግም» ብለው በስልክ ነገሩኝ። ወ/ሮ ነጃትን አልወቅስም፤ አንድም መስመር አልነኩም። ነገር ግን የሁለቱን ጠብ ፈርተው «እነሱ ይምጡና እኔ በዚያኑ ቀን አመጣለሁ» ይላሉ። እንዲህ ስንባባል ኅዳር ገባ።

8. ባለቤቴ ታሪክን ያለ ዋጋ፣ ዋጋንም ያለ ውሳኔ የሚያስተምር ሰው ሲያጋጥመው ራሱን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ የራሱ መጽሐፍ እንዲያ ሆኗል። ይህን ሳስብ ሁለተኛ የሞተብኝ ያህል ያመኛል። ልጄ ሃኒ «ማሚ፣ ለምን ጀስት ስካን አድርገው ኢሜይል አያደርጉም? ኢትስ ናት ዛት ሃርድ» ትለኛለች፤ ያን ያህል ከባድ አይደለም ማለቷ ነው። ምን ብዬ ላስረዳት? አማርኛ አታነብም፤ አባቷ ለምን እሑድ እሑድ እኛን ትቶ ወደዚያ ምድር ቤት ይሄድ እንደነበር እንድታውቅ አንድ ቀን አነብላታለሁ ብዬ የማስበው ይህንኑ መጽሐፍ ነበር።

9. ክቡር ሆይ፣ አቤቱታ አቅራቢ የራሱን ጥፋት አይጽፍም ይሆናል። እኔ ግን ሳልጽፈው ብቀር ከላይ ያልኩት ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል። ኮሚቴው የሥነ ልቦናው ክፍል የት አለ ብሎ ሲጠይቀኝ ሳይጽፈው ነው የሞተው ብዬ ነበር። ጽፎታል። አሥራ አንድ ገጽ ነው፣ ሆስፒታል ተኝቶ የጻፈው፤ መጨረሻ ላይ ፊደሉ እየወደቀ ይሄዳል። በሠልስቱ ዕለት ባይንደሩን ሲከፍቱ እኔ ነጠላዬ ውስጥ ይዤው ነበር። ሰው ለምን ወገን ይመርጣል፣ ከመረጠስ በኋላ ለምን ጆሮው ይደፈናል ይላል። እስከዚያ ድረስ ትምህርት ነው። በዘጠነኛው ገጽ ላይ ግን እንዲህ ብሏል፦ «ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ስለሚመርጠው ወገን ሳስተምር ስመኝን አንድ ቀን አንቺስ ምን ታስቢያለሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ከሁሉም ጋር ስከራከር ኖሬ ቤቴ ውስጥ ያለውን ሰው ሳላውቅ ቀረሁ።» ይህን ሳነብ በዕድሜዬ ሁሉ የጻፈልኝ አንድ ደብዳቤ እሱ ብቻ እንደሆነ ተሰማኝና ደበቅሁት። አቶ ምናሴ የራሴ ነው ብለው የያዙትን ያህል እኔም የራሴ ነው ብዬ ይዣለሁ። ስለዚህ ከሦስቱ የተለየሁ አይደለሁም፤ አራተኛዋ ነኝ።

10. ስለሆነም ጽሕፈት ቤቱ በአክብሮት የሚከተለውን እንዲፈጽምልኝ እለምናለሁ።

ሀ) አቶ ተሻገር፣ አቶ ምናሴና ወ/ሮ ነጃት በእጃቸው ያለውን ሁሉ፣ የተሰረዘውንና የተነቀለውንም ጭምር ይዘው በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በምድር ቤቱ አዳራሽ እንዲገኙ በማኅበሩ ማኅተም ይጠሩልኝ።

ለ) መጽሐፉ ከሙት ዓመቱ ቢዘገይም ቅር አይለኝም፤ ነገር ግን ከአንዱም ክፍል አንድ ገጽ ሳይጎድል በአንድ ላይ ይመለስልኝ። እዚያው ፊት ለፊታቸው ኮፒ አስደርጋለሁ። ዘጠነኛው ገጽም ይነበብ፤ ማፈሩን ትቼዋለሁ።

ሐ) ሁለቱ ወንድሞች መነጋገር ባይፈልጉ አላስገድዳቸውም። ገጾቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው መውጣት ይችላሉ።

እሑድ ሁላችሁንም ቀድሜ እመጣለሁ። አሥራ አንዱን ገጽ አስቀምጬ እስኪጨልም እቀመጣለሁ። ከእኔ በቀር ማንም ካልመጣ ግን አንድ ነገር በጽሑፍ ይሰጠኝ፦ የልዑልሰገድ ሀብተማርያም መጽሐፍ በእጃችን ሳለ እኛ ነን ያጠፋነው የሚል፣ ቀንና ማኅተም ያለበት ወረቀት። ልጄ ያባቴ መጽሐፍ የት ገባ ያለችኝ ቀን ሌላ የማሳያት የለኝም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ስመኝ ዓብዩ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአቶ ተሻገር
ለአቶ ምናሴ
ለወ/ሮ ነጃት