አይምሬ የተባለውን መጥረቢያ ስለማስተላለፍ

ዛሬ ማክሰኞ፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በመኖሪያ ቤቴ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ተደግፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን ኑዛዜ አድርጌአለሁ። አእምሮዬ የተሟላ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ጸሐፊዋ ከላይ ታስገባው። ዓመቱን አለማስታወሴ በማስረጃነት እንዳይቀርብብኝ፤ ጡረታ የወጣ ሰው ዓመት መቁጠር ምን ይረባዋል?

እኔ በስልክ ማዞሪያ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጬ «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ስል የኖርኩ ኦፕሬተር ነኝ። ከነገ ወዲያ ሐሙስ ጠዋት ሐኪሞች የልቤን ቫልቭ ሊጠግኑ ደረቴን ይከፍታሉ። ይሳካል ብለውኛል፤ እኔም አምኛቸዋለሁ። ነገር ግን ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «ሃሎ» እስኪል ድረስ መስመር ተገናኝቷል አይባልም።

ቃሌን የምትጽፈው ትልቋ ልጄ ናት። መምህርት ስለሆነች ጽሕፈቷ ያምራል። ወራሽ እንዴት ኑዛዜ ይጽፋል የሚል ቢነሣ፣ ምስክሮቹ ከግራና ከቀኝ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቃል ያያሉ። ሳትጨምርና ሳትቀንስ፣ በመሃል ሰው ቢናገርም የተናገረውን ጨምራ እንድትጽፍ አዝዣታለሁ። «የሳልሽውንም ልጻፈው እማዬ?» አለችኝ። ሳሌን ተይው።

ምስክሮቼ ፋርማሲስቱና ዳቦ ጋጋሪዋ ናቸው። ሁለቱን ለአራት ዓመት በየቀኑ ሳነጋግራቸው ኖሬ መልካቸውን ያየሁት ገና ዛሬ ነው። የምንተዋወቀው በኮምፒውተር በሚጫወቱት የዋሻ ጨዋታ ነው። በየቤታችን ተቀምጠን፣ ማዳመጫችንን ጆሯችን ላይ አድርገን፣ አብረን ወደ ዋሻው እንወርዳለን፤ አጽም እንሰብራለን፣ ዘንዶ እንገድላለን፣ ሣጥን እንከፍታለን። ዳሌዬ ተሰብሮ የተኛሁ ጊዜ ታናሹ ልጄ «እንዳይሰለችሽ» ብሎ ያስጀመረኝ ነው። እሱ ለአንድ ወር ያሰበው ነበር። ፋርማሲስቱ በዋሻው ውስጥ «ተራራው» የሚባል፣ ጋሻ የሚይዝ ግዙፍ ነው፤ ዛሬ በበሩ ሲገባ ግን ነፋስ የከፈተው መስሎኝ «እስቲ በሩን ዝጉት» ብያለሁ። ዳቦ ጋጋሪዋ እዚያ እሳት የምትተፋ ጠንቋይ ናት፤ እሷስ ብዙም አልተለወጠችብኝ። የእኔ ስም «መስመር» ነው። እስከ ትናንት «አንቺ መስመር፣ ከኋላሽ!» ብለው ሲጮኹብኝ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ሽበቴን ሲያዩ «እርስዎ» ለማለት ምላሳቸው ተሳሰረ።

አንደኛ። ይህ ቤት የሁለቱ ልጆቼ ነው። የመንገዱን ወገን ትልቋ፣ የጓሮውን ወገን ታናሹ ይያዙ። ኮሪደሩ የጋራ ይሁን። ስለ ኮሪደሩ የምናገረው አለኝ፤ ቆዩኝ።

ሁለተኛ። ነፍሱን ይማረውና አባታችሁ በእጁ የሠራው ቁም ሣጥን ለትልቋ ይሁን። በሩ እንደማይገጥም አውቃለሁ። እሱም ያውቅ ነበር፤ «ጥፋቱ የእንጨቱ ነው» ይል ነበርና ዕድሜያችንን ሙሉ እንጨቱን ስንወቅስ ኖርን። እንዳታስጠግኑት። ሲጢጥ ሲል እሱ የመጣ ይመስለኛል።

ሦስተኛ። ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊው የተዋስኩት መሰላል ይመለስለት። ስምንት ዓመት ሆኖታል። እሱ ረስቶታል፤ እኔም ሐሙስ ባይመጣብኝ ኖሮ አላስታውሰውም ነበር። ሲመለስለት ግን ሁለት ጣት ያሳጠረብኝ ሰማያዊ ቀሚስ እንዳልተረሳ በትሕትና ይነገረው።

አራተኛ። ከሥራ ስሰናበት የተሰጠኝ ጥቁሩ ስልክ ለታናሹ። ሞባይል ጠጋኝ ነውና እጁን ይበላዋል። አታፍርሰው ልጄ።

አምስተኛ። አሁን ወደ ዋናው ሀብቴ መጣሁ። ይኸውም በዋሻው ሰባተኛ ምድር ቤት፣ ባለ ሦስት ራሱን ዘበኛ ጥለን ያገኘነው፣ «አይምሬ» የተባለ አንድ መጥረቢያ ነው። ምልክቱ፣ ስለቱ በሁለት ወገን፣ እጀታው ጥቁር፣ ከግራው ስለት ጫፍ ትንሽ የተሸረፈ፣ ሲነሣ ሰማያዊ ነበልባል የሚያወጣ። ኃይሉ፣ አንዴ ሲያርፍ ሰባት አጽም የሚያደቅ፣ የድንጋይ በር የሚሰነጥቅ፣ ጠላት ሲቃረብ በባለቤቱ እጅ ውስጥ የሚያንጎራጉር።

«ክብደቱስ?» አለች ጸሐፊዋ።

«የለውም።»

«ብረት አይደለም እንዴ?»

«ብርሃን ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩን አውርሺና ይለቅ!»

ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ መምህርት፣ ይህን መጥረቢያ የያዙ ሰዎች በጨዋታው ሁሉ አራት ብቻ ናቸው» አላት። ልጄ አላመነችም፤ የማታምነውን ስትጽፍ እንኳ ግን ፊደሏ አይወላገድም።

ይህንን መጥረቢያ ለታናሹ ልጄ አወርሳለሁ። ምክንያቴም ከመጀመሪያው የእሱ ስለነበረ ነው። አሁን ቀና ብለሽ አትዪኝ፤ ጻፊ ልጄ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ባለ ሦስት ራሱ ወድቆ አይምሬ መሬት ላይ ቀረ። በዋሻው ደንብ፣ ባለ ተራው እስከ ሃያ ተቆጥሮ ዕቃውን ካላነሣ ለሚቀጥለው ያልፋል። ተራው የታናሹ ነበር፤ ቀጥሎ የእኔ። እሱ በጓሮው ክፍል ይጫወታል፤ የእሱ የኢንተርኔት ገመድ በኮሪደሩ አልፎ በእኔ ወንበር ሥር ይሰካል። ትልቋ ኮሪደሩን እየጠረገች ነበር። በዚያች ሰዓት የእሱ መስመር ተቋረጠ። ሮጦ ሲወጣ ገመዱን በመጥረጊያው ላይ ተጠምጥሞ አገኘው። ትልቋ ደግሞ ከሳምንት በፊት «ይህን ገመድ አንድ ቀን ጠርጌ ነው የምጥለው» ብላ ነበርና ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

«ሆን ብለሽ ነው!» አላት።

«ገመድህ ነው የተጠመጠመብኝ!» አለችው።

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አይምሬን በእጄ እንደያዝኩ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «እኔ ምን አይቼ፤ ከዘበኛው ጋር ነበርኩ» አልኩ።

በዚያው ሳምንት ታናሹ ቤት ተከራይቶ ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድምና እህት ሰላም አልተባባሉም። እሱ እሑድ ይመጣል፤ እሑድ እሷ ትወጣለች። የሚገናኙት መደርደሪያው ላይ የሻይ ብርጭቆዎቻቸው ብቻ ናቸው።

ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። በደኅናው እግሬ አውራ ጣት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው እያወራ መስመር ነቅዬ አላውቅም፤ ሚኒስትርም ሲሳደብ አልነቀልኩም። ያን ቀን መጥረቢያው ሲያንጸባርቅ አየሁና ጣቴ ከእኔ ቀደመ። ቶሎ መልሼ ልሰካው ስጎነበስ መጥረጊያው ጠቅልሎ ወሰደው።

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው እኔ ዳቦ ጋጋሪዋ ነኝ። መምህርቷ ብዕሩን አስቀምጣ ተነሥታለች። ጽሕፈቴ እንደ እሷ አይደለምና ይቅርታ። እትዬ መስመር «የምትለውን ሁሉ ጻፊ፣ እንዳትዘዪ» ብለውኛል።

መምህርቷ እንዲህ አለች፦ «ሁለት ዓመት! ኮሪደሩን በጠረግኩ ቁጥር ሳላውቀው አድርጌው ይሆን እያልኩ ራሴን ስከስ፣ አንቺ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ታዪኝ ነበር?»

«አይሽ ነበር።»

«ታዲያ አፍ አልነበረሽም?»

«ፈራሁ» አሉ እትዬ። «ዘንዶ አልፈራም፤ አንቺን ግን እፈራለሁ። ቀን በገፋ ቁጥር ደግሞ ባሰብኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ ልጄ። በድዬሻለሁ።»

መምህርቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ፋርማሲስቱ መነጽሩን ሦስት ጊዜ ወለወለ። ኋላም እንዲህ አለ፦

«መስመር… ማለቴ እትዬ፣ አንድ ነገር ሳይነገር እንዳይቀር። አይምሬ በኑዛዜ አይወረስም። ባለቤቱ ከሄደ አብሮ ይጠፋል። ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚተላለፈው፤ ያውም የተገኘበት ቦታ ተወርዶ። ይህን ደግሞ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

«አውቃለሁ» አሉ። «በወረቀት ከተናዘዝኩ ልጄ ይህን ሲሰማ ፊቱን አላይም ብዬ ነው።»

በዚህ ጊዜ መምህርቷ ዞራ «መጥረቢያው የእኔ ነው» አለች።

ቀጥላም፦ «እሱ ምን ከፈለበት? ሁለት ዓመት የተሰደብኩበት እኔ ነኝ፣ ወንድም ያጣሁበት እኔ ነኝ። ለእኔ ይሰጠኝ!»

«ግን እርስዎ ተጫውተው አያውቁም» አለ ፋርማሲስቱ።

«አንተስ ተራራ ሆነህ ታውቃለህ?» አለችው።

ለታናሹ የደወልኩለት እኔ ነኝ፤ ከእነሱ ወገን ስልክ የሚያነሣ ጠፋ። እትዬ ሁሉንም በአፋቸው ነገሩት።

«እሷ አለች?» አለ ሰምቶ ሲጨርስ።

«አጠገቤ ናት፤ ትሰማሃለች።»

«መጥረቢያው ይገባታል» አለ። ድምፁ ጥሩ አልነበረም። «ብቻዋን ግን አንደኛው ምድር ቤት ላይ ነው የምትሞተው። ነገ ጠዋት ሱቄን እዘጋለሁ።»

ተጨማሪ ቃል። ዛሬ ረቡዕ፣ ኅዳር ዐሥራ ሦስት ቀን፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ እኔ ተናዛዧ ቀጥያለሁ፤ የምትጽፈው ዳቦ ጋጋሪዋ ናት። በአምስተኛ ተራ ቁጥር ለታናሹ አወርሳለሁ ያልኩት ተሰርዟል፤ ምክንያቱ እነሆ።

ትልቋ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃ በወዲያኛው ክፍል በራሷ ኮምፒውተር ተቀመጠች፤ ታናሹ ከሱቁ መጥቶ በጓሮው ክፍል። ጨዋታው ስም ሲጠይቃት «መጥረጊያ» ብላ ጻፈች። ሦስታችን ወረድን፤ መስመር፣ መጥረጊያና ታናሹ። በአንደኛው ምድር ቤት ማንም ቃል አልተነፈሰም። ልጄ ከአንድ ግድግዳ ጋር ተጋጨች፤ ደገመችው፤ ሠለሰችው። ልነግራት አፌን ከፈትኩና ምላሴን ነከስኩ። በአራተኛው «ወደ ግራ» የሚል ድምፅ መጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለእህቱ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው።

«በየትኛው ቁልፍ ነው የሚዞረው?» አለችው።

«በታችኛው። አይ፣ እሱ መዝለያው ነው። ኧረ ዝለይ አላልኩሽም!»

እስከ ሰባተኛው ድረስ ዘጠኝ ጊዜ ሞተች። ዘጠኙንም ጊዜ ተመልሶ አነሣት። እኔ አጽሙን እያደቀቅኩ ቀድሜ መንገድ ጠረግኩ፤ ዕዳዬ ነው። ባለ ሦስት ራሱ የወደቀበት ቦታ ስንደርስ አይምሬን ዘረጋሁላት። ጨዋታው «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ነበርኩ። እጄ ቀለለኝ፤ ትንሽም አለቀስኩ፤ ለመጥረቢያውም ጭምር ነው፣ አልዋሽም።

ልጄ መጥረቢያውን ተቀብላ አንዴ ስትሰነዝር ያረፈው በወንድሟ ራስ ላይ ነው። ወደቀ።

«ሆን ብለሽ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«አዎ፣ ይኼኛው ሆን ብዬ ነው!» አለችው።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላወቅኩም። ሁለቱ በልጅነታቸው አልጋ ሥር ተደብቀው የሚስቁት ሳቅ ነበር። በማዞሪያ ቤታችን አንድ ደንብ ነበረን። ሁለት ወገን ከተገናኘ በኋላ ኦፕሬተር መስመሩ ላይ አይቆይም፤ ጆሮውን ያወጣል። እኔም ማዳመጫዬን አውልቄ ትራሱ ላይ አስቀመጥኩት። አሁንም ይስቃሉ። እያዳመጥኩ አይደለም፤ ግድግዳው ስስ ሆኖ ነው።

ሐሙስን በሰላም ካለፍኩ መጥረቢያውን መልሱልኝ አልልም። ስምንተኛ ምድር ቤት አለ ይባላል። የራሴን እፈልጋለሁ፣ ተራዬን ጠብቄ።

ከፊርማዬ ሥር በቀለም የታተመው የቀኝ እግሬ አውራ ጣት አሻራ ነው። ጥፋተኛው እሱ ስለሆነ እሱም ይፈርም።

ተናዛዥ፦ ጡረተኛዋ ኦፕሬተር፣ በዋሻው ስም መስመር

እኛ ምስክሮች ይህ ቃል በፊታችን ተነግሮ፣ ተነብቦና ተፈርሞ ማየታችንን እናረጋግጣለን። የእግር ጣቱም አሻራ በፊታችን ታትሟል። ቀለሙን ከእናቷ እግር ያጠበችው ትልቋ ናት፤ ውኃውን ያፈሰሰላት፣ ሱቁን እንደዘጋ የመጣው ታናሹ ነው። ዕለቱም እሑድ አልነበረም፤ ረቡዕ ነው።

ምስክር፦ ፋርማሲስቱ (ተራራው)
ምስክርና ሁለተኛ ጸሐፊ፦ ዳቦ ጋጋሪዋ