ስለ አጋቦስ ያስተማርኩ ዕለት

አዳማ፣ ሚያዝያ 19

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

እንዴት ነህ? ባለቤትህና ልጆቹስ? እማዬ የደም ግፊት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስዳለች? እኔ፣ ምስጋና ለእግዚአብሔር፣ ደህና ነኝ። አዳማ ነፋሱና አቧራው ብሷል። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ስልክህን እማዬ ስለምታነሳው ነው። ደብዳቤውን ይዞልህ የሚመጣውን ሱሩርንም፣ ከአንተ ከራስህ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ወንድማችን ቢኒያም አርፏል።

ከሰማሁ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኔ ነው። አብሮት የነበረ ጆቴ የሚባል የሻሸመኔ ልጅ ደወለልኝ። ታንዛኒያ ውስጥ በተዘጋ የጭነት መኪና ሲያሻግሯቸው አየር አጠራቸው አለኝ። ከሃያ ሦስቱ ዘጠኙ ሞቱ። እዚያው ቀበሯቸው። ጆቴ እያለቀሰ ነበር የሚያወራው፤ እኔ "እሺ፣ እሺ" እያልኩ ሰማሁት፣ ስለደወለ አመሰገንኩት፣ ከዚያ የዘፈዘፍኩትን ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። እስካሁን አላለቀስኩም። እማዬ ደውላ "ቢኒዬ ድምፁ ጠፋ" ስትለኝ፣ ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም እላታለሁ።

ሌላም የምነግርህ አለ።

ሊሄድ ዋዜማው እሁድ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር መጥቶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ሳምንቱ የነቢዩ አጋቦስ መታሰቢያ፣ የካቲት አራት፣ የሚውልበት ስለነበር ትምህርቱ ስለ እሱ ነበር። ከሰባ ሁለቱ አርድእት አንዱ መሆኑን፣ አንጾኪያ ላይ ተነስቶ ረሃብ ይመጣል ማለቱን፣ ሰዎቹም አምነውት ለይሁዳ ወንድሞቻቸው እርዳታ ማሰባሰባቸውን ነገርኳቸው። ቀጥዬ ቂሣርያ ላይ የጳውሎስን መታጠቂያ ተቀብሎ የገዛ ራሱን እጅና እግር እንዳሰረበት፣ የዚህ ባለቤት ኢየሩሳሌም ላይ እንዲህ ይታሰራል እንዳለ አወራሁ። ሁሉም ጳውሎስን እንዳይሄድ እያለቀሱ ለመኑት፤ እሱ ግን ሄደ፣ ታሰረም። አጋቦስንም በኋላ ከከተማ ጎትተው አውጥተው በድንጋይ ወገሩት።

አበዛሽ የምትባል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ "ካላስቀረው መናገሩ ምን ጠቀመ?" አለችኝ። አፌን ሞልቼ መለስኩላት። ነቢይ ሰውን በጉልበት አያስቀርም አልኳት። የሚያውቀውን አይደብቅም፣ ያ ነው ሥራው። የሚሄደውም አውቆ ይሄዳል፣ የሚቀረውም አውቆ ይቀራል። ልጆቹ በደብተራቸው ጻፉት።

ስንወጣ ቢኒያም ቀበቶውን እየነካካ፣ "እሺ የኔ ነቢይት፣ እኔንስ አታስሪኝም?" ብሎ ሳቀ። ትንሽ እንደተራመድን ሳቁን ተወና፣ "እውነት ግን፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?" አለኝ።

"እግዚአብሔር ያውቃል" አልኩት።

እኔም አውቅ ነበር፣ ወንድምጋሼ። ጎረቤቴ ፋዲላ ልጇን ኑሬን ባለፈው ዓመት፣ ቢኒያምን ሊያሻግር በተዋዋለው በዚያው ደላላ ልካው ነበር። ከሞያሌ ወዲያ እንደ ዕቃ በተዘጋ መኪና እንደጫኗቸው፣ ከዚያ ድምፁ እንደጠፋ በራፌ ላይ ቆማ ነግራኛለች። የደላላውን ስም ሳይቀር ነግራኛለች። ለቢኒያም አልነገርኩትም።

ሞጆ ይሠራበት የነበረው መጋዘን ከተዘጋ ወዲህ ሁለት ዓመት እኔ ጋ ነበር። ያለችኝ አንዲት ክፍል ናት፤ መሐሏን በመጋረጃ ከፍለን ነበር የምንተኛው። ሰይፈሚካኤል ሽማግሌ ልላክ ብሎኝ ሁለት ጊዜ፣ ቢኒ ይቋቋም ብዬ መልሼዋለሁ። ያን እሁድ ከሰዓት ቦርሳውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አዘጋጂልኝ አላለኝም። ሸሚዞቹን ተኩሼ አጣጥፌ አስገባሁለት። ሰኞ ከመናኸሪያ ስመለስ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ መጋረጃውን አወረድኩት።

ቅዳሜ ቡልቡላ እመጣለሁ። ሽማግሌዎቹንና ጎረቤቱን ለእሁድ ማለዳ አንተ ንገርልኝ። መርዶውን ግን እኔ ልናገር። የቤት ሰው እንደማያረዳ አውቃለሁ፤ ለምናቸውና ይተዉልኝ። ፋዲላ የነገረችኝንም ለእማዬ እነግራታለሁ። ሰምታ ፊቷን ብታዞርብኝ፣ እባክህ መሐል አትግባ።

የአባታችን አምላክ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ለእማዬም የሚችል ልብ ይስጣት።

እህትህ