የሐሙሱ ጾማችን

ኡምኩልሱም እህቴ፣

ከእናትሽ አፍ ከመስማትሽ በፊት ከእኔው ስሚው ብዬ ነው። ትናንት መንጌ ገባን። አባዬ ወንበሩን ነቅሎ ፍራሽ ያነጠፈበትን ሚኒባስ ወንዙ ዳር አቁመን ዛሬ ለምሳ እናንተ ቤት ወጣን። ስለ ዳገቱ ምነው አልነገርሽኝም! እማዬ የሙስሊም ሥጋ ይቀርባል ብላ ፈርታ ገና በሩ ላይ «ጾም ላይ ነን» አለች። እኔም «አዎ፣ ጾም ነን» ብዬ አጸናሁላት።

እናትሽ ክው አለች። ለካ ክርስቲያኑን ጎረቤታችሁን ጋሽ ደምመላሽን ለምና፣ እኛ እንድንበላ በግ አሳርዳለች! ከቤታችሁ ሰው ያንን ሥጋ የሚቀምሰው የለም። ጋሽ ደምመላሽ አንዱን አጥንት እየጋጠ፣ «ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ? የምን ጾም ነው?» አለ። ሁላችንም አቀረቀርን። እናትሽ ግን፣ «ተው አንተ! እንግዳ ጾም አይጠየቅም፣ ዋላሂ» ብላ ሥጋውን አነሳችና ገንፎ በባሚያ አቀረበችልን።

እኛ ማንቡክ ለሙስሊም እንግዳ ሻይ አፍልተን እንሸኛለን እንጂ፣ አራጅ ፍለጋ የወጣ ሰው ከቤታችን አላውቅም። ስንወጣ ደግሞ እናትሽ ያንቺን ክፍል ከፍታ፣ «እዚህ መንጌ ያመለከትሽው አስተማሪነት ከተሳካ እዚህ ትገቢያለሽ» አለችኝ። በምን ዓይኔ አይቻት ልግባ?

ነገ በጠዋት ብቻዬን ወጥቼ እውነቱን እነግራታለሁ። ግን ነገ ዓርብ ነው። ይቅር ብላ ያንን ሥጋ ብታቀርብልኝ፣ «ጾም ነኝ» ስላት ማን ያምነኛል?

የፖስት ካርዱ ጠርዝ ላይ ደረስኩ። ልጅሽን ማሪያምን ሳሚልኝ። ናፍቀሽኛል፤ ለመቆጣትም ቢሆን ጻፊልኝ።

የዝና