የየኔታ ሳል

ጎንደር፣ መስከረም ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴም ለመምህሬም፣ ለየኔታ፤

ክረምቱን እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ ቅዝቃዜውን ቻለው? እትዬስ ደኅና ናቸው? ርብ ዘንድሮም ፎገራን ሞልቶት ከብቱ ሁሉ ወደ ተረተር ወጥቷል ብለው የመጡ ሰዎች አውርተውኛል። ዜማ ቤቱን ውሃ እንዳልነካው ስሰማ ደስ አለኝ። እኔም በቅዱስ ሚካኤል ጠባቂነት፣ በእርስዎ ጸሎት፣ እስካሁን እተነፍሳለሁ። ይህን ለወግ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልዎ፤ እዚህ ሐኪም ቤት ሲነጋ ሲመሽ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ብቻ ነው።

እናቴ ወንዛዬ ላይ ያጋጠመንን በሙሉ አልነገረችዎት ይሆናል። በግንቦት እግሬ አብጦ ከንፈሬ ሲጠቁር፣ ጀርባውን ያፍታታለታል ብላ ፍል ውሃው ዘንድ ወሰደችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የጎበጠውን በአንድ ሰሞን ልታቀናው! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ምንም አልቀራት። እንፋሎቱ ውስጥ ገና እንደ ገባሁ ትንፋሼ እንቢ አለ። ደግነቱ አያልነህ የሚባል የጤና ጣቢያ ድሬሰር ጉልበቱን ሊታጠብ መጥቶ እዚያው ነበረ። ጎትቶ አወጣኝና ደረቴ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ቆየ። ከዚያ፣ የዚህ ልጅ ሕመም የጀርባ ብቻ አይደለም፣ ልቡም ደክሟል፣ ቶሎ ጎንደር ውሰጂው አላት።

የቀረውን እርስዎ ያውቁታል። ሰዉ ሁሉ ጠበል ይበቃዋል ሲል፣ ጠበሉን የፈጠረ ሐኪሙንም ፈጥሯል ብለው ቃሬዛ ላይ ያስጫኑኝ እርስዎ ነዎት። በዚያ ጉልበትዎ ወረታ መኪናው መንገድ ድረስ ተከትለው ሸኙኝ። መንገዱን ሙሉም ተቆጡኝ፤ ዝም በል፣ አታውራ፣ ትንፋሽህን ቆጥብ እያሉ። እንደዚያ ቀን ቁጣዎ ጣፍጦኝ አያውቅም።

እዚህ በራጂ አንስተው የጀርባ አጥንቴን አሳዩኝ። ርብ ሜዳው ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚጠማዘዝ ያውቃሉ አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የሚያስተረጉምልኝ የሻው የሚባል የአንበሳሜ ልጅ ነው። እንደ ነገሩኝ፣ ጎድኖቼ ባንድ ወገን ተጣጥፈው ሳንባዬን ተጭነውታል። በቀረችው ጠባብ ስፍራ ደሙን ለመግፋት ልቤ ሌት ተቀን ሲታገል ኖሮ አሁን ደከመው። እግሬ ላይ የተኛውም ውሃ ከዚያ የመጣ ነው። እኔ ጉብጠቴ ጀርባዬ ላይ ነው ስል፣ ለካ ዋናው ውስጤ ነው። ተመስገን፣ መድኃኒቱ እብጠቱን አጉድሎልኛል፤ ትራስ ተደራርቦልኝ እንደ ተቀመጥኩ እተኛለሁ። ጀርባው ግን አይቀናም። ምን ያህል እቆያለሁ ብዬ ባስጠይቀው፣ ማዳመጫውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ምሳዬን በልቼ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። ደግ ሰው ነው።

ሥራህ ምንድን ነው ቢለኝ ማኅሌት እቆማለሁ አልኩት። የሻው ሃሌ ሉያው ምን ያህል እንደሚረዝም በእጁ እየለካ አሳየው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ እንዲህ ባለ ደረት ያን ዜማ ይዞ መዝለቅ አይቻልም አለ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስዘልቀው ኖሬያለሁ ብዬ ተከራከርኩ። መሐል ላይ ታርፋለህ ወይ አለኝ። አላርፍም ልለው አፌን ከፈትኩ። የእርስዎ ሳል ትዝ አለኝ።

ሃሌ ሉያው መሐል ሲደርስ ሁልጊዜ ያስልዎት ነበር። ያን ጊዜ በቀኝም በግራም የተሰለፈው ሁሉ ቆሞ ይጠብቅዎታል፤ እኔም መቋሚያዬን ተደግፌ አየር እስባለሁ። ተማሪው የየኔታ ሳል መጣች እያለ ይሳሳቅ ነበር። አለቃ ገብረማርያም ግን አልሳቁም። ደረታቸው አርጅቷል፣ መሪነቱን ለሌላ ይልቀቁ ብለው በካህናቱ ሁሉ ፊት ተናገሩዎት። እርስዎም አንገትዎን ደፍተው፣ ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረግ ብለው አለፉት።

ባለፈው ሳምንት አብሮ አደጌ ተማሪው አዛናው ሊጠይቀኝ መጥቶ የዜማ ቤቱን ወሬ ሁሉ አወራኝ። የኔታን እግዜር ማራቸው፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አላሳላቸውም አለኝ። ለፍልሰታ ሃሌ ሉያውን እንደ ጎልማሳ ሲያወርዱት አለቃም አፋቸውን ያዙ አለ። የፈወሳቸው ጠበሉ ነው ይላል። እኔም አዎን፣ ጠበሉ ነው አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ። አይዘኑ፣ የደስታ ነው።

ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ሲባል ነበር የማውቀው። እርስዎ ግን በሳል ሰርቀው፣ የሰረቁትን ትንፋሽ ለእኔ እየሰጡ ኖሩ። መንደሩ ጎባጣው ሲለኝ ዜመኛ ሆኜ ያደግሁት በዚያ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልል አስቤ ቃሉ አነሰብኝ። ይህን ወረቀት ለብቻዎ ያንብቡት፤ የጠበሉን ወሬ አላበላሽም።

ለኅዳር ሚካኤል ውሃው ስለሚጎድል፣ ሐኪሞቹ ከፈቀዱልኝ እመጣለሁ። ዜማውን ተከልክያለሁ፤ በግራ በኩል የድሮ ቦታዬ ላይ ብቆም ይበቃኛል። በቁመቴ ልክ የቆረጡልኝ መቋሚያ እናቴ ዘንድ አለ። ሳልደርስ ብቀር ለማንም አይስጡት፣ ለሌላ ሰው ያጥራል። እዚያው ቦታዬ ላይ ግድግዳውን አስደግፈው ያቁሙት።

ከዕድሜዬ ቀንሶ ለእርስዎ ይጨምርልኝ እንዳልል፣ የሚቀነስለት ብዙ አልያዝኩም። እሱ ከማያልቀው ይጨምርልዎ። እትዬንም፣ ተማሪውንም፣ አለቃንም ሳይቀር እጅ ነሥቷል ይበሉልኝ።

አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሃሌ ሉያው መሐል ሲደርስ፣ ብመጣም ብቀርም፣ እንደ ልማድዎ አንድ ጊዜ ይሳሉልኝ።

ጎባጣው የዜማ ልጅዎ