ለዝናብና ለዳገት የሚበቃ ፓወር ሰፕላይ

ውድ ወንድሜ፣

ጤናህን አልጠይቅህም፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የኮምፒውተርህን ክዳን ከፈትኩት። ያደረግከውን አየሁ።

ደብዳቤውን የምታነብልህ እህታችን ስለሆነች አስቀድሜ ለእሷ አንድ ነገር ልበል። እህቴ፣ እንደተጻፈው አንብቢለት። «ይሄ ይከፋዋል» ብለሽ አንድ መስመር እንዳትዘልዪ። ድምፅሽንም ሕፃን እንደሚያባብል ሰው አታለስልሺው። እዚያ የተኛው ዕድሜውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሰ ትልቅ ሰው ነው። ይስማ አይስማ ሐኪሙም እርግጠኛ አይደለም። እንደሚሰማ ሰው አንብቢለት።

አሁን ወደ አንተ።

አዲሱ አልጋህ ቦታ ሲያጣ ኮምፒውተሩ ከክፍልህ ይውጣ ተባለ። እህታችን መሪውንም፣ ፔዳሉንም፣ ስክሪኑንም በብርድ ልብስ ጠቅልላ በአውቶቡስ ላከችልኝና ደወለች።

«ጋሼ፣ ሽጠው በቃ። እዚህ ሆኖ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል።»

«እሺ» አልኳት። እሺ ያልኳት ልሸጠው ፈልጌ ሳይሆን ስልኩን መዝጋት ፈልጌ ነው። ቢሸጥም ባይሸጥም ግን እኔ ቤት የገባ ዕቃ ሳይፈተሽ አይቀመጥም። ስለዚህ ጠረጴዛዬ ላይ አውጥቼ ክዳኑን ፈታሁት።

እኔ የገጠምኩልህ፣ ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ የለም። በቦታው ጡብ የሚያህል፣ ሦስት ማራገቢያ ያለው ካርድ ተጎልቷል። ያሰርክበት ብሎን የመኪና ታርጋ ብሎን ነው። ገመዱ አልደርስ ሲልህ ከሌላ ገመድ ቀጥለህ፣ የኋላ መብራት በምትጠግንበት ጥቁር ፕላስተር ጠቅልለኸዋል። ፕላስተሩን ሙቀት አቅልጦት ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ቤቱን አለማቃጠልህ ይገርመኛል። በአንድ ዐይን ያን ሁሉ ቀዳዳ እንዴት እንዳገኘኸውም ይገርመኛል። ያ የምትሳሳለት የመኪናህ ቴፕ የት እንደገባ ደግሞ አሁን ገባኝ። በካርዱ ለውጠኸዋል።

ኮምፒውተሩን ለምን እንደሠራሁልህ አትርሳ። ዐይንህ ታሞ መንጃ ፈቃድህን የነጠቁህ ጊዜ መስኮት ሥር ተቀምጠህ በመንገዱ የሚያልፈውን ሹፌር ሁሉ ትሳደብ ነበር። «ዘገየ! አሁን ነበር ማርሽ መቀየር የነበረበት፣ ይሄ በሬ!» ትላለህ። ሰውዬው አይሰማህም፤ ጎረቤት ግን ይሰማል። የከባድ መኪና መንዳት ጌም እንዳለ የሰማችው እህታችን ናት። እኔ ጌም የሚባል ነገር አልወድም። ትልቅ ሰው የሌለ መኪና ሲነዳ ማየት ያሳፍረኛል ብዬህ ነበር፤ አሁንም ያሳፍረኛል። ግን ሠራሁልህ።

ስሠራልህም በግምት አልሠራሁም። ፓወር ሰፕላይ ማለት ከግድግዳው የሚመጣውን ኃይል ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚያድል ሣጥን ነው። ፕሮሰሰሩ የሚወስደውን፣ ካርዱ የሚወስደውን፣ ማራገቢያው ሳይቀር የሚወስደውን ደምሬ፣ ትንሽ መተንፈሻ ትቼ፣ አራት መቶ ሃምሳ ዋት ገጠምኩልህ። ልክ ነበር። ለገጠምኩልህ ዕቃ ልክ ነበር፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። ራዲዮ ስጠግንም፣ ቴሌቪዥን ስጠግንም፣ በኋላም ማንም ሳያስተምረኝ ኮምፒውተር እየፈታሁ ስገጥም ደንቤ አንድ ነው። ለሥራው የሚበቃውን አደርጋለሁ፤ ከዚያ በላይ ጠብታ አልጨምርም። ከሚፈለገው በላይ የሚገጥም ሰው ወይ አላዋቂ ነው ወይ ሌባ።

አንተ ግን ከኋላዬ ይህን ጡብ ተከልክበት።

እኔ እየደወልኩ «መኪናው እንዴት ነው?» ስልህ ምን ነበር የምትለኝ? «ጋሼ፣ ዳገቱን ልጨርስ ስል መብራት ጠፋ።» በሌላም ጊዜ ስደውል መብራት ጠፋ። ሁልጊዜ ዳገት ላይ፣ ሁልጊዜ በዝናብ። እኔ ሞኙ የሰፈራችሁን መብራት ስራገም ከረምኩ። መብራቱ ምን አደረገ! ካርዱ ነው። እንዲህ ያለ ካርድ ዳገትና ዝናብ አንድ ላይ ሲመጡበት እንደ ደነገጠ ሰው አየር ይስባል፤ ዐይን እስኪጨፈን ድረስ ከልኩ እጥፍ ይወስዳል። ያ ምስኪን ፓወር ሰፕላይ ከሚቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። እሱ ሥራውን ሠራ። የዋሸኸኝ አንተ ነህ።

ለምን እንዳደረግከው እህታችንን ጠየቅኳት።

«ዝናቡ ነዋ፣ ጋሼ» አለች። «በድሮው ካርድ ዝናቡ የተበተነ ሩዝ ነው የሚመስለው፣ በዚህ ግን ጠብታው መስታወቱ ላይ ይንሸራተታል ይል ነበር። ለጋሼ እንዳትነግሪው፣ ዓመት ሙሉ ነው የሚሰብከኝ አለኝ።»

ለዝናብ! ስትሠራ የኖርክበት ጊዜ ሁሉ ዝናብ ስታማርር፣ ጎማ ተያዘብኝ ስትል፣ ጭነቴ ረጠበ ስትል አልነበረም?

ስለዚያች ቀን ደግሞ መጻፍ አለብኝ። ስትሮኩ የመታህ ዕለት እህታችን በበሩ ስታልፍ መሪውን ይዘህ ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጠህ አየችህ። «መብራት ጠፋ እንዴ?» አለችህ። ዝም አልክ። የኮሪደሩ አምፖል እየበራ መሆኑን ልብ አላለችውም። ቆይታ ስትመለስም እንደዚያው ነህ። ተቆጥቷል ብላ ተወችህ።

እህቴ፣ እዚህ ጋ ንባቡን እንደምታቆሚ አውቃለሁ። ውሃ ጠጪና ቀጥዪ። ማንም አይወቅስሽም። በእኛ ቤት ዝም ያለ ሰው ተቆጥቶ ነው። አባታችን ዝም ሲል ተቆጥቶ ነበር። እኔ ዝም ስል ተቆጥቼ ነው። ይሄ ልጅ ከእኛ ሁሉ ለፍላፊው ነበር፤ እሱም ዝም ካለ ተቆጥቷል ማለት ነው። በዚያ ቤት ያደገች ሴት ሌላ ምን ታስብ?

ሐኪሙ የነገረንን ግን አንተ እንዳትሰማ ተብሏል። በዚህ አልስማማም። እኔ አንተን ዋሽቼህ አላውቅም፤ አሁን ስትተኛም አልጀምርም። ወንድሜ፣ የሄደው አይመለስም ብሏል። እጅህ አይመለስም፣ ንግግርህም አይመለስም። የቀረህ ጊዜም አጭር ነው። ልጠይቅህ የመጣሁ ጊዜ በር ላይ ይዤው «ምንም ተስፋ የለውም?» ብዬ ስጠይቀው ጫማውን አየ። ጫማው ንጹሕ ነበር፤ የሚታይ ነገር አልነበረበትም።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ፓወር ሰፕላይ ልገዛ ወጣሁ።

ገበያው ውስጥ ሰው ሁሉ ሻማ ብሎ የሚጠራው ረጅም፣ ቀጭን ነጋዴ አለ። ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ ካርቶን ነው።

«ስንት ዋት ልስጥዎት፣ አባቴ?»

«ካርዱ ብቻውን ሦስት መቶ ይወስዳል። ሲደነግጥ እጥፍ።»

«ስምንት መቶ ሃምሳ ይኸውልዎት። የተጻፈበትን ያንብቡት።»

«የተጻፈበትንማ የጻፈው የሚሸጠው ነው» ብዬ በእጄ መዘንኩት። ውስጡ በቂ መዳብና ብረት ያለው ፓወር ሰፕላይ ይከብዳል። ይሄኛው እንደ ባዶ ካርቶን ነው።

«ኧረ አባቴ፣ ሐብሐብ አደረጉት እኮ! መታ መታም ያድርጉታ!» አለ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ።

«ሐብሐብ ቢበላሽ ይጣላል» አልኩት። «ይሄ ቤት ያቃጥላል። ሌላ አምጣ።»

ሌላ አመጣ። እሱ ደግሞ ከበደ፣ እንዲያውም ከመጠን በላይ ከበደ። ባትሪዬን አብርቼ በማራገቢያው ወንፊት ወደ ውስጥ አየሁ። ጥግ ላይ የሲሚንቶ ቁራጭ ተለጥፏል። ለክብደት።

«ቤት ስሠራ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብዬ መለስኩለት። ሻማ ራሱም አጎንብሶ አየና «ወይ ጉድ፣ አስመጪው ጉድ ሠራኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ቀልዱን ትቶ ከጀርባ ሁለት አወጣልኝ። ሁለቱም እውነተኛ ነበሩ። አንዱ ያገለገለ ቢሆንም ደህና ነው። ሌላው አዲስ፣ ሺህ ዋት፣ የተቀበለውን ኃይል በሙቀት የማያባክን፣ ለካርዱ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ወፋፍራም ገመዶች ያሉት ነው። ዋስትናው ዐሥር ዓመት ነው።

«አሁን እውነቱን ልንገርዎት» አለኝ። «ለምን ያህል ጊዜ ነው የሚፈልጉት? ለጥቂት ወራት ከሆነ ያገለገለው ይበቃዎታል፤ በአዲሱ ምን ያደርጋሉ? ለረጅም ጊዜ ከሆነ ግን አዲሱን ይውሰዱ።»

በእኔ ደንብ መልሱ ግልጽ ነው። ለሥራው የሚበቃው ያገለገለው ነው። ለወራትም አልተባልንም። ሰው መጥቶ እንዲህ ያለ ነገር ቢያማክረኝ ያለ ምንም ማመንታት ያገለገለውን ውሰድ ብዬ እሰደዋለሁ። እኔ ግን ሳላውቀው ጫማዬን እያየሁ ነበር።

«ለረጅም ጊዜ ነው» አልኩት ቀና ብዬ።

«ለልጅዎ ነው?»

«ለታናሼ።»

«እንዲያ ከሆነማ ወጣት ነው፣ ይጫወትበታል!»

«አዎ» አልኩ። ዋሸህ እንዳትለኝ፤ ከእኔ ታንሳለህ።

ዋጋውን አልነግርህም፤ ብትሰማ ተነሥተህ ትጮህብኝ ነበር።

ቤት ወስጄ ገጠምኩት። በፕላስተር የቀጣጠልከውን ገመድ ሁሉ ነቅዬ ጣልኩ። የታርጋውን ብሎን ላወጣው ብዬ መፍቻውን አስጠጋሁና ተውኩት። ይዟል፤ ይያዝ።

ፓወር ሰፕላይ ደግሞ በራ ተብሎ አይተውም፤ በጭነት ይፈተናል። መፈተኛው ያ ዳገት ስለሆነ ጌሙን ከፈትኩት። መኪናህ ቧንቧ ጭኖ ዳገቱ ሥር ቆሟል። እኔ ደግሞ መንዳት አልችልም። ላስተምርህ ስትለኝ የሚነዳ ወንድም እያለኝ ለምን እለፋለሁ እያልኩ ኖሬአለሁ። መጀመሪያ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ቀጥሎ ወደ ኋላ ተንሸራትቼ አጥር ሰበርኩ። «ጋሼ፣ አንተን እኮ ብስክሌት ነው የሚቀድምህ» የምትለው ነገር ጆሮዬ ላይ መጣ። ብቻዬን ቤት ውስጥ «ዝም በል» ብዬ ጮህኩ። በበሩ የምታልፍ ሴትዮ ቆማ አየችኝ።

ደጋግሜ ስሞክር ቆይቼ ወጣሁ። ዝናቡ መጣ። ማራገቢያዎቹ ጮኹ። ያ ኩርባ ደረሰ፣ ሁልጊዜ መብራት ጠፋ የምትልበት። አንድ እጄን ከመሪው አንሥቼ ሣጥኑ ላይ አደረግኩ፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚነካ። ሞቅ ብሏል፤ አይንቀጠቀጥም። አልጠፋም።

ጠብታውንም አየሁት። ከመስታወቱ አናት ይነሣና እየተንቀረፈፈ ይወርዳል፣ ከሌላው ጋር ይገናኝና ይፈጥናል፣ መጥረጊያው ሲመጣበት ወደ ዳር ይሸሻል። ልክ ነበርክ አልልህም። ሳትነግረኝ ማድረግህ ልክ አልነበረም። ዝናቡ ግን ዝናብ ነው።

ከዚያ ኩርባ በላይ ዳገቱ ያልቃል። ከማዶ ምን እንዳለ አንተ አላየህም፤ ሁልጊዜ ይጠፋብህ ነበር። እኔም አላየሁም። ፍሬን ያዝኩ። መኪናውን መንገድ ዳር አስጠግቼ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ጌሙ የደረሰበትን መዝግቤ ማሽኑን በወጉ አጠፋሁት። በወጉ ሲጠፋ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

እሁድ በአውቶቡስ ይዤው እመጣለሁ። ቦታ የለም የሚል ካለ ወንበሩን ያውጣ፤ እኔ ቆሜ እውላለሁ። ስክሪኑን በደህናው ዐይንህ በኩል አደርገዋለሁ። መሪውን ደረትህ አጠገብ አስቀምጬ እጅህን እላዩ ላይ አደርግልሃለሁ። እንደማትይዘው አውቃለሁ። እጅህ ሲወድቅ መልሼ አነሣዋለሁ፤ ደግሞ ሲወድቅም አነሣዋለሁ። ከዚያ የሚለወጥ ነገር እንደሌለም አውቃለሁ። ምናልባት ስደርስ አልጋው ባዶውን ተነጥፎ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ይጠብቀኝ ይሆናል። እንደዚያም ቢሆን ሸክሜን ይዤ ከበር አልመለስም። እዚያው ክፍልህ ውስጥ እገጥመዋለሁ። ኩርባውን ግን ብቻዬን አልወጣውም። ቧንቧውም እዚያው ዝናብ ላይ ይቆያል።

የካርዱን ነገር ገና አልጨረስንም።

ታላቅ ወንድምህ

እህቴ፣ ደብዳቤው አልቋል። አሁን ቀና ብለሽ ፊቱን ታያለሽ። ዝም ብሎ ይሆናል። ተቆጥቶ ነው ብለሽ አስቢ። እኔም እንደዚያ ነው የማስበው።