ማንም ሳይነካው የወረደው ክንድ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? እህቴ ቤት ደረጃው ይበዛል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስትወርድ ግድግዳውን ያዝ አደራ። እኛ ደህና ነን። የጋራዡ ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል። በስልክ ባገኝህ እወድ ነበር፤ ግን ስደውል "ተኝቷል በሏት" እንደምትል አውቃለሁ። ለደብዳቤ ተኝቷል አይባልም ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅህ። ስትሄድ "ትራክተሯን ማንም እንዳይነካት" ብለህ ነበር። አራት ወር ሙሉ አልነካኋትም። ባለፈው ሳምንት ግን አናጢው ጣሪያውን ሊሠራ መጥቶ መሰላል የሚያቆምበት ቦታ አጣና፣ ትንሽ ፈቀቅ ላድርጋት ብዬ አስነሳኋት። የመቆፈሪያ ክንዱን ከፍ አድርጌ በሩን ልከፍት ወረድኩ። ዞር ስል ክንዱ ቁልቁል እየመጣ ነው። ወንበሩ ላይ ሰው የለም፣ ሌቨሩን የነካው የለም። ደክሞት እንደሚቀመጥ ሽማግሌ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አረፈ። እኔም እዚያው በሩን ይዤ ቀረሁ።

ለታች ሰፈር ውሃ በቆፈርከው ቦይ ውስጥ አጎቴ ቧንቧ ሲያስተካክል ክንዱ እግሩ ላይ ያረፈ ዕለት፣ አንተ ለፖሊሱም፣ ለሐኪሙም፣ ለእኔም ያልከው አንድ ቃል ነው፦ "እጄ ስቶ ነው።" ሠላሳ ዓመት ያልሳተ እጅ ዛሬ እንዴት ሳተ ብሎ የጠየቀህ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩህም። ከዚያ ቁልፉን ምስማር ላይ ሰቅለህ ሄድክ።

በማግስቱ አናጢውን ሸኝቼ ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሲሊንደሩን ጠረጠርኩ፤ ዘይቱን የሚይዘው ጎማ፣ ጎሚኒው፣ አልቆ ዘይት እያሳለፈ ይሆናል አልኩ። ግን አንተ "ሳትለዪ አትፍቺ" ትል የለ? ክንዱን መሬት አስቀምጬ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ግፊቱ እስኪወጣ ሌቨሮቹን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀስኩ። ከዚያ ከኮንትሮል ቫልቩ ላይ የትልቁን ክንድ ቱቦዎችና የፊተኛውን ክንድ ቱቦዎች አቀያይሬ ገጠምኳቸው። አስነስቼ ሁለቱንም ከፍ አደረግኩና ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። ትልቁ ክንድ ንቅንቅ አላለም። አሁን የሚወርደው የፊተኛው ሆነ። በሽታው ከሲሊንደሩ ጋር አልሄደም፣ ቫልቩ ላይ በነበረበት ቀርቷል ማለት ነው። ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው፤ ያለው ቫልቩ ውስጥ ነው።

ቫልቩን አውርጄ ንጹሕ ጨርቅ ላይ በተን አደረግኩት። ዋናው ዘንግ ጭረት የለበትም። የግፊት መልቀቂያውን ስፈታ ግን ከስፕሪንጉ ሥር፣ ጫፉ ገጥሞ መዝጋት ካለበት ቦታ ላይ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነጭ ነገር ተሰንቅራለች። በፒንሳ አወጣኋት።

የቧንቧ ቴፕ ነበር፣ አባዬ።

አንተ ሃይድሮሊክ ላይ ቴፕ አታስጠጋም። "እየተበጣጠሰ ሆዷ ውስጥ ይገባል" እያልክ ስንቴ ተቆጥተኸኛል። ከአደጋው ሁለት ሳምንት በፊት፣ አንተ ለወገብህ ሐኪም ቤት ሄደህ ሳለ፣ የትልቁ ክንድ ቱቦ አላቋርጥ ብሎ ያንጠባጥብ ነበር። ማያያዣውን ባጠብቀው አልሆነም። ከአጎቴ ቦርሳ ቴፑን አወጣሁና ጠመጠምኩበት። መንጠባጠቡ ቆመ። ተመልሰህ ስታየው "ጎበዝ" አልከኝ። በምን እንዳስቆምኩት አልጠየቅከኝም፤ እኔም ደስታዬን እንዳላጣ አልነገርኩህም።

ጨርቁ ላይ ያለውን ሁሉ እንደተበተነ ትቼ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ተቀምጦ ቧንቧ ጫፍ ላይ የመጠምዘዣ ጥርስ ያወጣል፤ ምርኩዙን ከጎኑ አጋድሞታል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ይጮህብኛል፣ ያባርረኛል ብዬ ነበር። ሥራውን አቁሞ ዘይቱን ከእጁ ጠረገ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

"አባትሽ ያን ቀን ሆስፒታል ሲመጣ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ነበር። የት ቆየህ ስለው 'የትራክተሯን የዘይት ፊልትር ፈትቼ አይቼ መጣሁ' አለኝ። ምን አገኘህ ስለው 'ምንም፣ እጄ ነው የሳተው' አለ። አንቺ ግን ጻፊለት። አዲስ ነገር ባይሆንበትም ካንቺ ይስማው።"

ፊልትሩ ውስጥ ምን እንዳየህ አልጠይቅህም፣ አባዬ። እየተመለስኩ ሳለሁ መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ግን የከፋ ልቅሶ አልነበረም።

የቀረውን ቴፕ ከማያያዣው ለቅሜ ቫልቩን አጠብኩ፣ ኦሪንግ የሚባሉትን የጎማ ቀለበቶች ቀየርኩ፣ ዘይቱንና ፊልትሩን አዲስ አደረግኩ። ቫልቩን ገጥሜ ቱቦዎቹን ወደየቦታቸው መለስኩ። ክንዱን ከፍ አድርጌ፣ ከሥሩ ሰው እንዳያልፍ ገመድ አጥሬ፣ ግማሽ ቀን ተውኩት። ከጠመኔው ምልክት አልወረደም። አጎቴ ሦስቴ እየመጣ አየው። ሦስተኛው ላይ "እንደ አባትሽ ግትር ሆነ" ብሎ ሳቀ።

ትናንት ያቋረጥከውን ቦይ ጀመርኩ። ስምንት ሜትር ቆፈርኩ፤ አጎቴ ራቅ ብሎ በርጩማ ላይ ተቀምጦ "ግራ! አይደለም፣ የእኔ ግራ!" ሲለኝ ዋለ። ማዕዘኑ ጋ ስደርስ አቆምኩ። የመብራቱ ኬብል ከቦዩ አንድ ክንድ ርቆ ነው የተቀበረው። እዚያ መቆፈር የሚችል እጅ አንድ ነው፤ የእኔ ገና ነው። የታች ሰፈር ሰዎች ውሃው መቼ ይደርሳል እያሉ ይጠይቁኛል፤ "አባቴ ሲመጣ" እላቸዋለሁ።

አጎቴ የላከልህን ቃል እንዳለ ልጻፍልህ፦ "እግሬስ ይሄዳል። የከበደኝ የእሱ ዝምታ ነው። ይምጣና ይሰድበኝ።"

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ወገብህን ያጽናልህ። ተቆጥተህም ቢሆን ና፤ ቁጣህን ቆሜ እሰማለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ነኝ፤ የጠዋቱ ቢያልፍህ ቀጣዩን እጠብቃለሁ።

አክባሪህና ናፋቂህ፣
ታናሿ ልጅህ